«እማዬ ጠርታኝ ነበር ወይ?»

ናዝሬት፣ ኅዳር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድሜ አብተው፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ አዳሚ ቱሉ ይድረስህ። «እኛ ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደህና ስላልሆንን ግን አልጽፈውም። እናታችንን ከቀበርን ገና አሥር ቀናችን ነው።

ሰኞ ዕለት መሄድህን ያወቅነው ምሳ ቀርቦ ስትጠፋ ነው። አባባ «አብተው የት አለ?» ሲሉ ጎረቤታችን ወይዘሮ አሳየች «ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለች። ፈቃድህ ሰኞ እንደሚያልቅ ነግረኸኛል፣ አልካድኩም። ግን አንተ ሰው፣ ፈቃድ አለቀ ተብሎ ከእናት ለቅሶ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ተነስቶ ይኬዳል?

የመርዶውንም ነገር ኦቦ ኡርጌሳ ነግረውኛል። ያን ሁሉ ዓመት ሜትሮሎጂ ጣቢያው ውስጥ አብረውህ የሠሩ ሰው ናቸው፤ አርብ ንጋት ላይ አምስት ሰው አስከትለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እንደ ወጉ አረጋግተው ቢነግሩህ «እሺ፣ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» ብለህ ሰዓትህን አይተህ ቴርሞሜትር ልታነብ ወጣህ። ስድስት ትልልቅ ሰው አልጋህ ላይ ተደርድሮ እስክትመለስ ጠበቀህ። ኦቦ ኡርጌሳ «ደንግጦ ነው» ብለው አለፉት። እኔ አላለፍኩትም።

ከዚያ ደግሞ የቅዳሜው። አልቃሿ «የአምስት ልጆች እናት» ብላ ስታወርድ አንተ ከመሀል ብድግ ብለህ «ሦስት ነን፤ አንዱ ሞቷል» አልክ። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ሳቀ። በእናቴ ለቅሶ ላይ ሳቅ ሰማሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት እንባ ሳይወጣህ ስትቀመጥ ያየ ሁሉ «የአበዛሽ ልጅ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው?» እያለ ነው።

አባባ «ስትታመም አልመጣ፣ ስትቀበር አልመጣ፣ አሁን ደግሞ ሳይሰናበተኝ ሄደ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ለቀብር ያልጠራንህ የዝዋይ ስልክ አልሠራ ብሎን እንደሆነ ነግሬሃለሁ። ቢያንስ አሁን ለእሳቸው ጻፍላቸው። ማዘንህን ጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃል።

ድንኳን ውስጥ ጆሮዬ ሥር መጥተህ «እማዬ ጠርታኝ ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ያኔ ሰው ይሰማናል ብዬ ዝም አልኩህ። በደብዳቤ የሚመለስ ነገር አይደለም።

እህትህ ይርጋለም

---

አዳሚ ቱሉ፣ ኅዳር 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርጋለም ጎበና
ናዝሬት

ጉዳዩ፦ በኅዳር 20 ቀን ለጻፍሽው ደብዳቤ መልስ ስለመስጠት

እንደምን ሰንብተሻል። እኔ ጤንነት አይሰማኝም፤ እሱን በሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። መልሴ በጻፍሽው ቅደም ተከተል ነው።

ስለ መሄዴ፦ ሰኞ እንደምሄድ ቅዳሜም እሑድም ነግሬሻለሁ። ሦስተኛ መንገር እንደሚያስፈልግ አላወቅኩም።

ስለ ቴርሞሜትሩ፦ ሰዎቹ የመጡት ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ንባቡ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ሃያ አምስት ደቂቃ አወሩ። ለምን እንደመጡ ሲነግሩኝ አምስት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ቶሎ ቢነግሩኝ ኖሮ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። የዚያን ዕለት መዝገቡ ላይ ያለው ጽሑፍ የእጄ ጽሑፍ አይመስልም። ምክንያቱን አላውቅም።

ስለ አልቃሿ፦ እማዬ «ሦስት ወለድኩ፣ አንዱን ቀበርኩ» ነበር የምትለው። አምስት ከተባለ የሞተው ወንድማችን ከማይታወቁ ልጆች ጋር ይደባለቃል። ሰው የሚስቅበት ነገር አልመሰለኝም።

አባባ «ስትታመም አልመጣ» ያሉበት አልገባኝም። መታመሟን የነገረኝ የለም። ደብዳቤዎችሽ እጄ ላይ ናቸው። መስከረም 28፦ «እማዬ ትንሽ ጉንፋን ነካ አድርጓት እንጂ ደህና ናት።» ጥቅምት 12፦ «እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ አታስብ።» ጥቅምት 29፦ «ሁላችንም ደህና ነን፣ ምንም አታስብ።» ከአሥር ቀን በኋላ ሞተች። አታስብ ስላልሽኝ አላሰብኩም። አውቶቡሱ የሚፈጀው አራት ሰዓት ብቻ ነው።

ለአባባ ማዘኔን እንድጽፍ ብለሻል። ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። የሆነ ቦታ ያለ ይመስለኛል፣ ግን ያላረጋገጥኩትን ለአባቴ አልጽፍም።

አንዱን ጥያቄ አልመለስሽም። እማዬ ጠርታኝ ነበር ወይ? መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። በደብዳቤ ይመለሳል።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር
አብተው ጎበና

---

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ዓ.ም.

አብተው፣

ዛሬ ሰላምታው ይቅርብህ።

ለገዛ እህትህ «ጉዳዩ» ብለህ የምትጽፈው እኔ የቀበሌ ሊቀመንበር ነኝ? ደብዳቤህን ኅብረት ሱቅ ሆኜ ስከፍተው አብራኝ የምትሠራው በድሪያ በትከሻዬ ላይ አየችና «ከመሥሪያ ቤት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከወንድሜ ነው ማለት አፈርኩ። «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ይላል ደግሞ።

ደብዳቤዎቼን ቀን በቀን ዘርዝረህ ክስ መሥርተህብኛል። እስቲ ስማኝ። በዚህ አገር «እናትህ ታማለች» ተብሎ በደብዳቤ አይጻፍም። ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያነበው ይደነግጣል፣ ይወድቃል ተብሎ ይፈራል። «ትንሽ ጉንፋን» ሲባል፣ ሁለት ጊዜ «አታስብ» ሲባል፣ ሰው ያስባል፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይመጣል። ይኼን እናቶቻችን አላስተማሩንም፣ ከአየሩ ጋር ነው የሚሳበው። አንተ ግን ከሰማይ የሚወርደውን ጠብታ ሁሉ ለክተህ እየመዘገብክ ይኼን አንድ ነገር ሳታውቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞላህ።

ለአባባ የሚላከውን ራሴ ጽፌልሃለሁ። እንዳለ ገልብጠው። እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ። ፈርመህ ላክ።

«ውድ አባቴ ሆይ፣ የእናቴ ሞት አንጀቴን በልቶታል። ሌት ተቀን አለቅሳለሁ። እህል ከአፌ አይገባም። ድንኳን ውስጥ ያላለቀስኩት እንባዬ ደርቆ ነው። ጥፋቴን ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ አብተው።»

ማንም ልጅ ለአባቱ የሚጽፈው ይኼንኑ ነው። ለአባባ መድኃኒት ነው። ላንተ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ያንን ጥያቄህን ተወኝ። እሷ እንደሆነች ሄዳለች፣ ማወቅህ ምን ይጠቅምሃል? እኔንም አታድርቀኝ።

ይርጋለም

---

አዳሚ ቱሉ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1974 ዓ.ም.

እትዬ ይርጋለም፣

እንደምን ሰነበትሽ። «ጉዳዩ» የሚለውን እንዳልሽው ትቻለሁ።

የላክሽልኝን ጽሑፍ መርምሬዋለሁ። «አንጀቴን በልቶታል» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ስለማላውቅ ተሰርዟል። «ሌት ተቀን አለቅሳለሁ» እውነት ስላልሆነ ተሰርዟል። «እንባዬ ደርቆ ነው» የሚለውም አልተረጋገጠም። «ጥፋቴን» ለሚለው የትኛው ጥፋት እንደሆነ ብትገልጪልኝ። «እህል ከአፌ አይገባም» ትክክል ነው፣ ግን ምክንያቱ ወባ ስለሆነ እዚያ መግባት የለበትም። የተረፈው «ውድ አባቴ ሆይ» ብቻ ሆነ። ስለዚህ አልላክሁትም።

ስለ ወባው እንዲህ ነው። ከለቅሶው ከተመለስኩ ጀምሮ ደረቴ ላይ ጤፍ የሞላ ኬሻ የተጫነብኝ ያህል ይከብደኛል። ሁለት ጉርሻ ስበላ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እጄ ይቀዘቅዛል፣ ውጭው ሃያ ስምንት ዲግሪ ሆኖ። እዚህ ሐይቁ ዳር ሁሉም ሰው ወባ ስለሚይዘው ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሯ ዙሀራ ሦስት ጊዜ ደም ወሰደች፣ ሦስት ጊዜም የለም አለች። ስህተት ነው ብዬ ክኒኑን በግድ ተቀብዬ ጨረስኩት። ጆሮዬ ጮኸ እንጂ ደረቴ አልቀለለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅ ሆኜ ጥግ ይዤ ስቀመጥ እማዬ መጥታ ታየኝና «ከፍቶሃል አብተው» ትለኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ተቆጥተሃል፣ ማን ነክቶህ ነው?» ትለኝ ነበር። እሷ ስትለኝ ልክ እንደሆነ ይገባኛል፤ ከዚያ በፊት ግን አላውቅም። ሌሎች ሰዎች ይኼን ከየት እንደሚያውቁት አልገባኝም። እዚህ ሥራ ከገባሁም በኋላ ባንቺ እጅ እያስጻፈች «ናፍቀኸናል፣ አንተንም ሳንናፍቅህ አንቀርም፣ ለዚህ ነው እንቅልፍ እምቢ የሚልህ» ትለኝ ነበር። ልክ ነበረች።

አሁን የሚነግረኝ የለም። እንዴት እንደምታውቅ አይተሽ ከሆነ ጻፊልኝ። ይኼ የደረቴ ነገር ምን ይባላል?

ሁለተኛው ጥያቄ የቀድሞው ነው። ጠርታኝ ነበር ወይ?

አብተው

---

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ። ደብዳቤህን ሳነበው «የተረፈው ውድ አባቴ ሆይ ብቻ ሆነ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ልቀድደው ነበር። ከዚያ ወደ ታች አነበብኩና አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ስላስለቀስከኝ ተናደድኩ። አንተን ማንበብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ወባ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደም ተወስዶ የሚደበቅ ወባ የለም። ኀዘን ነው አብተው። ጉሮሮ የሚዘጋው፣ ደረት ላይ የሚቀመጠው፣ እጅ የሚያቀዘቅዘው ኀዘን ነው። እኛ ድንኳን ውስጥ ደረታችንን እየመታን ጮኸን ጮኸን ትንሽ ቀለል ይለናል፤ ሰውም ያየናል። አንተ እዚያው እንዳለ ተሸክመኸው ሄደህ ክኒን ዋጥክበት። እግዚአብሔር ይይልህ።

እማዬ እንዴት ታውቅ እንደነበር እኔ አላውቅም። አጠገቧ ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። «ይኼን ልጅ አታሞላቂው» እያልኩ ነበር የምጨቀጭቃት።

ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩላቸው። ገልብጠህ እንድትልክ የሰጠሁህን ሳይሆን ይኼንኑ። ሲሰሙ ቆይተው «የደረቱን ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። «ሳይነግረን ነው እንዲህ የሆነው?» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ለአርባዋ ይምጣ» አሉ። እኔ በሰውየው ፊት ስንት ቀን ስለማመጥ ከርሜ፣ አንተ በወባ ፈታኸው።

ተዝካሩ እሑድ ታኅሣሥ 18 ነው። በጾም ስለሆነ ድግሱ ቀላል ነው፣ ሰው ግን ብዙ ነው። ቅዳሜ ግባ። ማንንም እንዳታርም። ቄሱ ስሟን ቢሳሳቱ እንኳ ለእኔ ንገረኝ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ንባብ አለብኝ ብትል ራሴ መጥቼ ያንን ቴርሞሜትር እሰብረዋለሁ።

ሌላውን ስትመጣ እነግርሃለሁ።

እህትህ ይርጋለም

---

አዳሚ ቱሉ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1974 ዓ.ም.

እትዬ ይርጋለም፣

ኀዘን መሆኑን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ለዙሀራ ስነግራት «እኔማ የመጀመሪያው ቀን ገብቶኝ ነበር» አለችኝ። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ያዘነ ሰው ማዘኑን ያጣዋል እንዴ?» አለች። እንደሚያጣው አስረዳኋት።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ንባቡን የሥራ ባልደረባዬ ጃራ ይወስድልኛል። አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ጫጫታው ሲበዛ ከቤቱ ጀርባ እወጣለሁ። እንዳትፈልጉኝ፣ እንዳትጎትቱኝም። ላላለቅስም እችላለሁ። ሰው ቢጠይቅሽ አዝኗል በይልኝ፤ አሁን የተረጋገጠ ስለሆነ ውሸት አይሆንብሽም።

በቃል አንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጠይቄሻለሁ። ይኼ አራተኛው ነው። ስትመጣ ስላልሽ ስመጣ እጠብቃለሁ።

አብተው

---

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድሜ አብተው፣

በሰላም መግባትህን ኦቦ ኡርጌሳ በዝዋይ ሾፌር መልእክት ልከውልኛል። አንተ ራስህ መላክ ትችል ነበር፤ ተወው፣ ዛሬ አንተን የምቆጣበት አቅም የለኝም።

በተዝካሩ ዕለት ይኼን ሁሉ ሰው ስታስታጥብ አየሁህ። ማንቆርቆሪያውን ይዘህ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ጠብታ ሰው ልብስ ላይ ሳይፈስ። ወይዘሮ አሳየች «ያ ልጅ ነው?» አለችኝ። ጸሎቱ ሲጀመር ወደ ጓሮ ወጣህ፣ አባባም ተከትለውህ ወጡ። ልጠራችሁ ስመጣ እንጨቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አገኘኋችሁ። ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ቆመን እንደገና ጠየቅከኝ። እኔ ዘወር ብዬ ከብርቱካን ሻጯ ጋር መከራከር ጀመርኩ። የማልገዛውን ብርቱካን። አንተ ቆመህ ጠበቅከኝ፣ አውቶቡሱ ተነሳ፣ አንተም ገባህ። ከዚያ ወዲህ ራሴን ማየት አስጠልቶኛል።

አዎ። ጠርታሃለች።

ከጥቅምት 18 ጀምሮ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ጠርታሃለች። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ «አብተው መጣ?» ትላለች። «ነገ ይመጣል» እላታለሁ። «ብቻውን ነው፣ ማን ይነግረዋል?» ትላለች። እኔ የምትቃዥ ይመስለኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። በመጨረሻው ረቡዕ «ልጄን ምን አድርጋችሁት ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

የዝዋይ ስልክ አልተበላሸም። ቀበሌው ቢሮ ውስጥ ስልኩ ነበር፣ ከሱቄ ሃያ እርምጃ። «አታስብ» የሚለውም ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም የጻፍኩት። አንተ ወግ እንደማይገባህ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። «አታስብ» ካልኩህ እንደማትመጣ አውቅ ነበር።

ቤቱ ጠያቂ ሞልቶበት ነበር። ቄሱ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ የሠፈሩ ሴት ሁሉ። መጥተህ አንድ ነገር ትናገራለህ፣ ሰው ይስቅብናል ብዬ ፈራሁ። አፈርኩብህ አብተው። ነገ እጠራዋለሁ፣ ትንሽ ሲቀልላት እጠራዋለሁ እያልኩ ሞተችብኝ። ድንኳን ውስጥ ያን ሁሉ የጮህኩት ግማሹ ከጥፋቴ የተነሳ ነው።

አባባ ጽፌልህ እምቢ ያልክ ነበር የሚመስላቸው። እንደዚያ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ትናንት ነገርኳቸው። ከትናንት ጀምሮ ምግብ ሳቀርብላቸው ያዩኛል እንጂ አያናግሩኝም።

ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ፤ አንተ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ትመረምራለህ፣ የትኛውም የሚያልፍ አልመሰለኝም። የፈለግከውን በለኝ። ሰድበኝ። ብቻ «ምንም አይሰማኝም» ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ እሱን አልችለውም።

ይርጋለም

---

አዳሚ ቱሉ፣ ጥር 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

እትዬ ይርጋለም፣

ደብዳቤሽ ታኅሣሥ 28 ደርሶኛል። መልሱን አግኝቻለሁ። «አዎ፣ ጠርታሃለች» የሚለውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እሱን በማወቄ ደረቴ ትንሽ ቀሎኛል። ቀሪውን ሳነብ ሌላ ነገር መጣ፣ እንደ ኀዘኑ አይደለም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ አምስት ቀን ቆየሁ። ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ትናንት ጃራ ቢሮ ውስጥ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞረው። በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ነው። ጮህኩበት። በሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ኦቦ ኡርጌሳ ከውጭ ሰምተው መጡ። ጃራ በጣም ደንግጦ «ማል ታቴ፣ ምን ሆነሃል?» ሲለኝ «ተቆጥቻለሁ» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የሰማሁት። በእሱ እንዳልሆነም ወዲያው ገባኝ፣ ይቅርታ ጠየቅኩት።

የተቆጣሁት በአንቺ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ነው፣ መንገዱ አራት ሰዓት ነው። በጣም ተቆጥቻለሁ። ይኼን ማንም አልነገረኝም፤ ብቻዬን ነው ያወቅኩት።

እስኪያልፍልኝ አትጻፊልኝ። መቼ እንደሚያልፍ አላውቅም። ሲያልፍ እኔ እጽፍልሻለሁ።

ለአባባ ምሳ ማቅረብሽን አታቋርጪ።

ወንድምሽ አብተው